የትኛዋን ኳስ እንተዋት?

(የመክፈቻ ሙዚቃ። ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል።)

  

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጨዋታ ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው አያውቀውም። ክሪኬት ይባላል።

በዱባይ፣ በሻርጃና በዶሃ የምትኖሩ አድማጮቻችን ግን ታውቁታላችሁ። በዕረፍት ቀን፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ የሕንድ፣ የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ሠራተኞች ባዶ ሜዳ ላይ ወይም መኪና ማቆሚያ ላይ ተሰብስበው በጠፍጣፋ እንጨት ኳስ ሲመቱ አይታችኋል። እነሱ ሜዳ ላይ ያገኙትን ሁሉ ይመታሉ። ጊዜያቸው አጭር ነው፤ ነገ ሥራ አለ።

ትልቁ ክሪኬት ግን እንደዚያ አይደለም። ትልቁ ክሪኬት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል፤ አንድ ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን! መሐል ላይ ምሳ ይበላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ማታ ሄደው ይተኛሉ፤ ጠዋት ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ዛሬ ስለ ሥራና ስለ ኑሮ የምንማረውም ከዚህ ከረጅሙ ጨዋታ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ።

ሰፊ የሣር ሜዳ አስቡ። መሐሉ ላይ 20 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጠባብ ቦታ አለ። በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ተተክለዋል። ወርዋሪው ከአንዱ ጫፍ ተንደርድሮ ኳሷን ይወረውራል። መቺው በሌላው ጫፍ እንጨቶቹን ከኋላው አድርጎ፣ ባት የሚባለውን ጠፍጣፋ መምቻ ይዞ ይጠብቃል። መትቶ ወደ ማዶ ከሮጠ ነጥብ ያገኛል። ኳሷ እየተንከባለለች የሜዳው ጠርዝ ከደረሰች አራት ነጥብ ነው። በአየር ተሻግራ ከወጣች ደግሞ ስድስት።

ኳሷ ከኋላው ያሉትን እንጨቶች ከመታች ግን አለቀ። የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ተቀናቃኝ ከቀለባትም አለቀ። መቺው ይወጣል፤ በዚያ ዙር አይመለስም። አንድ ስህተት፣ አንዲት ቅጽበት፣ ከዚያ በቀሪው ሰዓት ሁሉ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ። መቺው የመጣችለትን ኳስ ሁሉ እንዲመታ የሚያስገድደው ሕግ የለም።

እደግመዋለሁ። እንዲመታ የሚያስገድደው ሕግ የለም! ኳሷ ወደ እንጨቶቹ የማትሄድ ከሆነ ባቱን ከፍ አድርጎ ሊያሳልፋት ይችላል። ታልፋለች። ነጥብ አላገኘም፤ ግን አልወጣም። ቆሞ ቀጣይዋን ይጠብቃል።

ስፖርት ለሕይወት ስለሚሰጠው ትምህርት ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ታገል፣ በርታ፣ እጅ አትስጥ፣ ዕድል በመጣ ቁጥር ያዘው። ይህን ሳይል የሚቀር ሰው የለም። ነገር ግን ግማሹ ትምህርት ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላው ግማሽ ማሳለፍን ማወቅ ነው። በመጣው ሁሉ ላይ ሲወራጩ ጉልበታቸው የሚያልቅባቸውን ወጣቶች ሳይ አዝናለሁ። ማንም «ይቺን ተዋት» አላላቸውም።

ታዲያ የትኛዋን እንተዋት? የትኛዋንስ እንምታ? እንዴት ነው የሚታወቀው?

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

መቺው ሜዳ ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። እኔ ከጨዋታው ሥርዓቶች ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነው።

ከእንጨቶቹ ፊት ይቆምና ባቱን ቀጥ አድርጎ መሬት ላይ ያቆማል። ከማዶ ለቆመው ዳኛ ያሳየዋል። «ከመካከለኛው እንጨት ፊት ነኝ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ዳኛው በእጁ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያለ ይመራዋል። ልክ ሲሆን መቺው መሬቱን በጫማው ይጭርና ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ኳስ በመጣ ቁጥር የሚቆመው እዚያ ምልክት ላይ ነው።

ለምን ይመስላችኋል? እንጨቶቹ ከኋላው ናቸው። ኳስ እየመጣ ዞሮ ሊያያቸው አይችልም። የት እንዳሉ ማወቅ ያለበት አስቀድሞ ነው። የሚጠብቀው ነገር የት እንዳለ ካወቀ ከመስመሩ ወጣ ያለችውን ኳስ በሰላም ያሳልፋታል። ካላወቀ ግን ሁሉም ኳስ የመጣበት ይመስለዋል። ስለዚህ በሁሉም ላይ ይወራጫል።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ከኋላዬ ያሉት ሦስት እንጨቶች ምን ምን ናቸው? ጤናዬ ነው? የልጆቼ ትምህርት ነው? ታማኝነቴ ነው? የተቀበልኩት የሥራ ኃላፊነት ነው? ሦስቱን ስማቸውን ጠርተን የምናውቃቸው ስንቶቻችን ነን?

አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንዲት የሆስፒታል ነርስ ሌሊት ተረኛ ናት እንበል። አንድ ቤተሰብ ተቆጥቶ ይናገራታል። ባልደረባዋ ዘግይቶ ይመጣል። ስልኳ ላይ ከዘመዶች ጋር የተጀመረ ክርክር አለ። አልጋ ቁጥር አራት ላይ ደግሞ ትኩሳቱ እየጨመረ የሄደ ሕፃን አለ። እንጨቶቿ የት እንዳሉ የምታውቅ ነርስ የቱን ታሳልፋለች? ቁጣውን ለጊዜው ታሳልፈዋለች። ክርክሩን ጨርሶ ትተወዋለች። የባልደረባዋን መዘግየት ጠዋት ለኃላፊዋ ትናገራለች። ሕፃኑን ግን አታሳልፍም። እንጨቷ እሱ ነው።

(ለአፍታ ዝምታ)

አሁን ወደ ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ልውሰዳችሁ። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምናገረው። ጃንዋሪ 2004 ነው።

ሳቺን ቴንዱልካር የሚባለውን ሕንዳዊ ስሙን ሰምታችሁ ሊሆን ይችላል። በአገሩ ሕፃን አዋቂው የሚያውቀው ታላቅ መቺ ነው። በዚያ የአውስትራሊያ ጉዞ ግን ነገር አልሰምር ብሎት ነበር። ከሲድኒ በፊት በነበሩት ሦስት ግጥሚያዎች አምስት ጊዜ ወደ ሜዳ ገባ። አንድም ጊዜ 50 ነጥብ አልደረሰም። ሁለት ጊዜ ያለ አንዲት ነጥብ ወጣ።

ችግሩ ምን ነበር? አንድ የሚወደው ምት አለው። ከቀኝ ጎኑ ወጣ ብላ የምትመጣውን ኳስ ወደፊት ረገጥ አድርጎ በሜዳው ቀኝ በኩል ይሰድዳታል። ሲሳካለት የሚያየው ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ምት ነው። አውስትራሊያውያን ይህን ስለሚያውቁ ከመስመሩ ወጣ ያሉ ኳሶችን ደጋግመው ይወረውሩለት ጀመር። ሊመታ ሲዘረጋ በባቱ ጫፍ ይነካታል፤ ትቀለባለች፤ ይወጣል።

ሲድኒ ላይ ምን አደረገ? ያን ምት አልመታም ብሎ ወሰነ። የሚወደውን ምት! በዚያ በኩል ወጣ ብለው የሚመጡትን ኳሶች ያሳልፋል፣ ያሳልፋል፣ ያሳልፋል። ወርዋሪዎቹ ሰለቻቸው። ወደ እንጨቶቹ፣ ወደ እግሩ ጠጋ አድርገው መወርወር ጀመሩ። እሱ የሚፈልገውም ይህን ነበር። እነዚያን በሌላው ጎን እየሰደደ ነጥቡን ሰበሰበ።

436 ኳሶችን ተጋፈጠ። ከአሥር ሰዓት በላይ ሜዳ ላይ ቆመ። 241 ነጥብ አስቆጠረ፤ ማንም ሳያስወጣው ዙሩ ተዘጋ። ግጥሚያው በአቻ ውጤት ነው ያለቀው። ለእኔ ግን ከታላላቅ የክሪኬት ሥራዎች ሁሉ የሚልቀው ይህ ነው። ሰው ድክመቱን ማስወገድ አለበት ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ቴንዱልካር ግን ያስቀመጠው የሚመካበትን ነገር ነው። አንድ ሰው የሚደነቅበትን ነገር «ዛሬ አይሆንም» ብሎ ለአሥር ሰዓት መያዝ ቀላል ይመስላችኋል?

እስቲ ወደ ሥራችን እናምጣው። ንግግር አዋቂ ሥራ አስኪያጅ አለ፤ ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ተናጋሪ እሱ ነው። ሠራተኞቹ ዝም ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ችግሩንም የሚነግረው ሰው አጥቷል። እያስወጣው ያለው ንግግር ማወቁ ነው። ለአንድ ስብሰባ ያህል አፉን ይዞ ቢያዳምጥስ? ምን ይሰማ ይሆን?

ሌላ ምሳሌ። ደግ ነጋዴ አለ። ለጠየቀው ሁሉ በዱቤ ይሰጣል፤ ሠፈሩ ይመርቀዋል። ሱቁ ግን ባዶ እየሆነ ነው። ዱቤውን ለጥቂት ወራት ቢያቆም ደግነቱ አይጠፋም። ሱቁ ቆሞ ሲገኝ ለብዙ ሰው ይተርፋል።

አድማጮቼ፣ ልብ በሉ። የሚያስወጣን ሁልጊዜ ደካማው ጎናችን አይደለም። አንዳንዴ በጣም የምንወደው ምት ነው።

(ሙዚቃ)

እስካሁን የተናገርኩት «ሁሉን ማሳለፍ ጥሩ ነው» የሚል መስሏችሁ እንዳይሆን። አይደለም! አበው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ። እውነት ነው። ግን ዝም ያለ ሰው እንጨቱ የሚሰበርበት ጊዜም አለ።

በ2005 ክረምት፣ እንግሊዝ፣ ማንቸስተር ከተማ። የአውስትራሊያው ማይክል ክላርክ ባቱን ይዞ ቆሟል። ሳይመን ጆንስ የሚባል ፈጣን ወርዋሪ ኳሷን ለቀቀ። ከመስመሩ ወጥታ የምትሄድ ትመስላለች። ክላርክ ባቱን ወደ ላይ አንስቶ አሳለፋት። ኳሷ ግን አየር ላይ ታጠፈችና ወደ ውስጥ ገባች። አንዱን እንጨት ነቅላ ጣለችው። ክላርክ ባቱ እንደተነሳ ቀረ።

አያችሁ? ማሳለፍም ስህተት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የምታልፍ መስላ የምትታጠፍ ኳስ አለች።

በኑሯችን እነዚያ ኳሶች የትኞቹ ናቸው? የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሲዘገይ «ይሁን፣ ችግር ቢኖርባቸው ነው» እንላለን። ሁለተኛው ወር፣ ሦስተኛው ወር እያለ ይቀጥላል። በሰው አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የላባችሁ ዋጋ እንጨታችሁ ነው። በሁለተኛው ወር ላይ ጠይቁ፤ የተከፈላችሁበትንና ያልተከፈላችሁበትን ጻፉ፤ ለምታምኑት ሰው ንገሩ።

ሰውነታችን ላይ የወጣ እብጠት፣ ሳምንታት የቆየ ሳል፣ ትምህርት ቤት መሄድ ድንገት የጠላ ልጅ፤ እነዚህም መጀመሪያ ላይ የሚያልፉ ይመስላሉ። ስለዚህ ጥያቄው «ይሄ ነገር ያናድዳል?» አይደለም። «ወዴት እየሄደ ነው? ወደ እንጨቶቼ ነው ወይስ ከእንጨቶቼ ውጭ?» የሚል ነው። የሚያናድደን ነገር ሁሉ ወደ እንጨታችን አይሄድም። ወደ እንጨታችን የሚሄደው ሁሉም አያናድድም።

(አጭር ሙዚቃ። ከዚህ በኋላ ያለው ዘና ብሎ ይነገር።)

አሁን አንድ ረዘም ያለ ታሪክ ልንገራችሁ። ሻይ ያላችሁ ሻያችሁን ቅዱ።

ማርች 2001። የሕንዷ ኮልካታ ከተማ፣ ኤደን ጋርደንስ ስታዲየም። አምበሏ ስቲቭ ዎ የሆነው አውስትራሊያ 16 ግጥሚያዎችን በተከታታይ አሸንፋ የመጣችበት ጊዜ ነው። አሥራ ስድስተኛውን ያሸነፈችው ሕንድን ራሷን ነው፤ ሙምባይ ላይ፣ በሦስት ቀን ውስጥ።

ኮልካታ ላይ አውስትራሊያ በመጀመሪያው ዙር 445 ነጥብ አስቆጠረች። ሕንድ መቺዎቿ ወጥተው 171 ላይ አለቀች። ልዩነቱ ይህን ያህል ሲሰፋ መሪው ቡድን ሌላውን «ሁለተኛ ዙራችሁን አሁኑኑ ጀምሩ» ሊለው ይችላል። አውስትራሊያም አለች። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዚህ ሁኔታ ተገድዶ የደገመ ቡድን ያሸነፈው በክሪኬት ታሪክ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተደረገ። ሦስተኛ ሆኖ የሚገባው ራሁል ድራቪድ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ነጥብ እምብዛም አልሆነለትም። አሠልጣኙና አምበሉ ቦታውን ለቪቪኤስ ላክስማን ሰጡት። ድራቪድን ወደ ስድስተኛ አወረዱት።

እስቲ አስቡት። መሥሪያ ቤት ውስጥ የለመዳችሁት ወንበር ሰው ሁሉ እያየ ለባልደረባችሁ ተሰጠ። ምን ታደርጋላችሁ? ታኮርፋላችሁ? ባልደረባችሁ እንዲወድቅ በልባችሁ ትመኛላችሁ? ሰው ነን፤ ይከብዳል። ድራቪድ ግን ተራው ሲደርስ ገባና ቦታውን ከወሰደው ሰው ማዶ ቆመ።

በክሪኬት ሁለት መቺዎች ሁልጊዜ አብረው ነው የሚቆሙት፤ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ። ለአንዱ ነጥብ የሌላው እግር ያስፈልጋል። አንዱ «ና!» ሲል ሌላው ካልሮጠ ሁለቱም ይጎዳሉ። ስድስት ስድስት ኳስ ከተወረወረ በኋላ ትንሽ ፋታ አለ። ያኔ ሁለቱ መሐል ሜዳ ላይ ተገናኝተው ይነጋገራሉ።

ሦስተኛው ቀን ሲያበቃ ሕንድ አራት መቺዎች ወጥተውባት 254 ነጥብ ላይ ነበረች። ገና የአውስትራሊያን ብልጫ እንኳን አልሸፈነችም። አራተኛው ቀን ነጋ። ላክስማን ወገቡን ያመዋል። ድራቪድ ጤናው የተሟላ አልነበረም። ከፊታቸው የአውስትራሊያ ወርዋሪዎች እነ ግሌን ማግራ፣ እነ ጄሰን ጊሌስፒ፣ እነ ሼን ዎርን ናቸው።

ጠዋት ተወረወረ፤ አልወጡም። ምሳ ሆነ፤ አልወጡም። ሻይ ሆነ፤ አልወጡም። ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ ሁለቱም አልወጡም። በዚያ ቀን አንድም ሰው ሳይወጣ 335 ነጥብ ተጨመረ።

ላክስማን ብዙውን ጊዜ አጥቂ ነበር፤ ሊመቱ የሚገባቸውን ኳሶች አልማረም። 281 ነጥብ አስቆጠረ። ድራቪድ 180። ሁለቱ ተያይዘው የሰበሰቡት 376 ነጥብ ነው። በመጨረሻው ቀን አውስትራሊያ በተራዋ ገብታ 212 ላይ አለቀች። ኳሱን በማሽከርከር የሚታወቀው ወጣቱ ሀርባጃን ሲንግ በዚያ ዙር ብቻ ስድስት ሰው አስወጣ። ሕንድ በ171 ነጥብ አሸነፈች። አሥራ ስድስቱ ድል እዚያ ላይ ቆመ። ሕንድ ቀጣዩንም ግጥሚያ ቼናይ ላይ አሸንፋ የዚያን ጊዜ ውድድር 2 ለ 1 ወሰደች።

ድራቪድ በ2012 ከብሔራዊ ቡድኑ ሲሰናበት በዚህ በአምስት ቀኑ ክሪኬት የተጋፈጣቸው ኳሶች 31,258 ደርሰው ነበር። ያስቆጠረው ነጥብ 13,288 ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። ከተጋፈጣቸው ኳሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንዲትም ነጥብ አላስገኙለትም! አሳለፋቸው፣ ወይም መልሷቸው እዚያው እግሩ ሥር ወደቁ። «ዛሬ ምንም አልሠራሁም» ብለን የምንበሳጭባቸው ቀናት ስንት ናቸው? ሳንወጣ ከዋልን ምንም አልሠራንም ማለት ይቻላል?

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይወርዳል)

አንድ ሌላ ሰው ላስተዋውቃችሁ። መነጽር ያደርጋል። ስሙ ጃክ ሊች ይባላል።

ኦገስት 2019፣ ሊድስ፣ እንግሊዝ። እንግሊዝና አውስትራሊያ ተገናኝተዋል። እንግሊዝ በመጀመሪያው ዙር 67 ላይ አልቃለች። ለማሸነፍ በሁለተኛው ዙር 359 ነጥብ ያስፈልጋታል። ዘጠኝ ሰው ወጥቷል። አሁንም 73 ነጥብ ይጎድላል። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ቤን ስቶክስና ሊች። ሊች በሙያው ወርዋሪ ነው፤ መምታት ሥራው አይደለም። እሱ ከወጣ ሁሉም ያልቃል።

ስቶክስ እየመታ ነጥቡን ያመጣል። ሊች ተራው ሲደርሰው መነጽሩን ይወለውላል፣ ምልክቱ ላይ ይቆማል፣ ኳሷን ይከላከላል። 17 ኳሶችን ተጋፈጠ። ስንት ነጥብ አስቆጠረ መሰላችሁ? አንድ! ያቺ አንዲት ነጥብ ግን ሁለቱን ቡድኖች እኩል አደረገች። ቀጥሎ ስቶክስ አራት ነጥብ መትቶ ጨረሰው።

ስቶክስ 135፣ ሊች 1። የሊች ሥራ አለመውጣት ነበር፤ እሱንም ሠራው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቤቱ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። ሌላው እንዲመታ ማዶ ሳይወድቁ ይቆማሉ። ሒሳብ ያዡ፣ ጥበቃው፣ ሌሊት ልጅ የምትይዝ አያት፣ ወንድሟ ትምህርቱን እንዲጨርስ ከባሕር ማዶ የምትልክ እህት። አመስግነናቸው እናውቃለን?

ከዚያው ግጥሚያ አንድ ነገር ልጨምር። በክሪኬት ዳኛው የሰጠውን ውሳኔ በቴሌቪዥን ምስል እንዲታይ መጠየቅ ይፈቀዳል። ግን ጥያቄው የተቆጠረ ነው። ካባከኑት ያልቃል። አውስትራሊያ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተጨንቃ በሊች ላይ አቤት አለች። ኳሷ ከመስመሩ ውጭ የወደቀች ስለነበረች ጥያቄው ባከነ። የመጨረሻው ነበር። ወዲያው በተከተሉት ስድስት ኳሶች ውስጥ፣ ለእንግሊዝ ሁለት ነጥብ ሲቀራት፣ ኳሷ የስቶክስን እግር መታችው። ዳኛው አልወጣም አለ። ምስሉ በኋላ ሲታይ እግሩ ባያግዳት ኳሷ ወደ እንጨቶቹ ትሄድ ነበር፤ በሕጉ መውጣት ነበረበት። አውስትራሊያ ግን መጠየቂያ አልነበራትም።

በትዳርም በሥራም አቤቱታችን የተቆጠረ ነው። በጥቃቅኑ ሁሉ «ተበደልኩ» ያለ ሰው፣ ትልቁ በደል ሲመጣ ሰሚ ያጣል።

(ለአፍታ ዝምታ)

ከራሳችንም ቤት አንድ ሩጫ እናስታውስ። ሲድኒ ኦሊምፒክ፣ የወንዶች 10,000 ሜትር፣ በእኛ መስከረም 1993። ኃይሌ ገብረሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት። የመጨረሻው ዙር ላይ ቴርጋት ቀድሞ ፈተለከ። ኃይሌ ተከተለው። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ልዩነታቸው ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ነበር፤ ኃይሌ ቀደመ። በዕድሜ ከፍ ያላችሁ አድማጮቻችን ያን ቀን የት ሆናችሁ እንዳያችሁት ታስታውሳላችሁ። ከ25 ዙር ውስጥ ሁላችንም የምናወራው ስለ መጨረሻዎቹ ሜትሮች ነው። እኔ ግን ልጆች ከዚያ በፊት ያሉትን ዙሮች ደጋግመው ቢያዩ እመኛለሁ። ኃይሌ ጉልበቱን ያስቀመጠው እዚያ ነው። ሌሎች ሲመሩ እሱ ያሳለፈውን ይመልከቱ።

እንግዲህ ለዚህ ሳምንት ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ ጻፏቸው።

አንደኛው፤ ሦስቱ እንጨቶቻችሁ ምን ምን ናቸው? ከሦስት አይብለጡ። አሥር ብላችሁ ከጻፋችሁ እንደገና ጀምሩ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። የምትወዱት፣ ሰው የሚያደንቅላችሁ፣ ነገር ግን በዚህ ሰሞን ደጋግሞ እያስወጣችሁ ያለው ምት የትኛው ነው?

ለሁለተኛው መልስ ብቻችሁን አትቀመጡ። ማዶ የቆመላችሁን ሰው ጠይቁ፤ ባለቤታችሁን፣ የሥራ ባልደረባችሁን፣ እህት ወንድማችሁን። እነሱ በየቀኑ ከፊት ለፊት ያዩአችኋል። መልሱን ሲነግሯችሁ ግን አትቆጡ፤ ስሟቸው።

መልሳችሁን በደብዳቤም በድምፅም ላኩልን። ስማችሁ እንዲጠራ የማትፈልጉ ከሆነ ንገሩን፤ አንጠራም። በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት የተወሰኑትን እናነባለን። የሩጫ አሠልጣኝ የሆኑ እንግዳም አብረውን ይቆያሉ፤ ሯጮቻቸው መቼ እንዲከተሉ፣ መቼ እንዲወጡ እንዴት እንደሚያስተምሯቸው ያጫውቱናል። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)